ሕፃናት በምርጫቸውና በእጃቸው ሲማሩ ምን ይማራሉ?

በባሕር ዳር ልጃቸውን አፀደ ሕፃናት የሚያስገቡ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱን የሚመዝኑት በደብተር ነው። የአራት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳው ይከፈታል፤ ስንት ገጽ እንደጻፈ፣ ስንት የእርማት ምልክት እንዳገኘ፣ የቤት ሥራ ተሰጥቶት እንደሆነ ይታያል። ገጹ ባዶ ከሆነ «ዛሬ ሲጫወት ነው የዋለው» ይባልና የወሩ ክፍያ በከንቱ እንደባከነ ይቆጠራል። ይህ ሥጋት ለልጅ ከማሰብ የሚመጣ ስለሆነ ሊናቅ አይገባውም። ይሁን እንጂ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ዕድሜ ልጅ ከሚማረው ነገር ውስጥ በደብተር ላይ ሊታይ የሚችለው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ ዋናው ትምህርት የሚካሄደው ልጁ ራሱ በመረጠው ሥራ ላይ፣ በእጁ ሲነካ፣ ሲያፈርስ፣ ሲገጥምና ሲጠይቅ ነው።

ከቁጥር እንጀምር። ሦስት ዓመት ያለፈው ልጅ ከአንድ እስከ ሃያ ሳይሳሳት ሲቆጥር ቤተሰቡ ይደሰታል፤ እንግዳ ሲመጣም «እስኪ ቁጠርላቸው» ይባላል። ይኸው ልጅ ግን ሎሚ የሞላ ሰሃን ፊቱ ቀርቦለት «አምስት ሎሚ ስጠኝ» ሲባል ብዙ ጊዜ እጁ የቻለውን ያህል አፍሶ ይሰጣል። የቁጥሮችን ስም በተርታ መጥራትና እያንዳንዱ ስም የሚወክለውን ብዛት ማወቅ የተለያዩ ችሎታዎች በመሆናቸው ነው። የሕፃናትን የቁጥር ዕውቀት ያጠኑ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ልጅ በመጀመሪያ የአንድን፣ ከወራት በኋላ የሁለትን፣ ቀጥሎም የሦስትን ትርጉም ይይዛል፤ ሲቆጥር በመጨረሻ የጠራው ቁጥር የጠቅላላውን ብዛት እንደሚነግረው የሚገባው ከዚያ በኋላ፣ በአብዛኛው በአራት ዓመት ዕድሜ አካባቢ ነው። 5 ቁጥርን አንድ ገጽ ሙሉ መገልበጥ ይህን ማስተዋል አያመጣም። የሚያመጣው ለአምስት ሰው አምስት ሲኒ ረከቦት ላይ መደርደር፣ ቆሎን ለእህትና ለወንድም እኩል ማካፈል፣ የገበጣን ጠጠር በየጉድጓዱ አንድ በአንድ መዝራት ነው። ሲኒው ቢጎድል ወይም ቢተርፍ ስሕተቱን ማንም ሳይነግረው ልጁ በዓይኑ ያየዋል፤ ሲያየውም እንደገና ይቆጥራል።

ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ (እ.ኤ.አ. 1896–1980) የሕፃናት አስተሳሰብ የአዋቂዎች አስተሳሰብ ትንሽ ቅጂ እንዳልሆነ ካሳየባቸው ሙከራዎች አንዱን ማንም ወላጅ በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። በሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች እኩል ውሃ ይቀዳና ልጁ እኩል መሆናቸውን ካረጋገጠ በኋላ፣ የአንደኛው ውሃ እያየ ወደ ቀጭንና ረጅም ዕቃ ይገለበጣል። የአራት ወይም የአምስት ዓመት ልጅ አሁን በረጅሙ ዕቃ ያለው ውሃ እንደሚበልጥ በሙሉ ልብ ይናገራል። ምንም እንዳልተጨመረ ቢነገረውም ዓይኑ ያየውን ከፍታ ስለሚያምን ሐሳቡን አይለውጥም፤ ሐሳቡን የሚለውጠው ውሃውን ራሱ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየቀዳ፣ እያፈሰሰና መልሶ እየለካ ብዙ ጊዜ ካሳለፈ በኋላ ነው። ከፒያዤ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ጥያቄው ልጆች በሚያውቁት መልክ ሲቀርብላቸው እርሱ ከገመተው ቀደም ብለው ብዙ ነገር እንደሚረዱ አሳይተዋል። ሆኖም ትንሽ ልጅ የሚያስበው በነካውና በሠራው ነገር አማካይነት መሆኑ ዛሬም የጸና ግኝት ነው።

የእጅ ነገር ከአስተሳሰብ በተጨማሪ የአካል ጉዳይም ነው። በሦስት ዓመት ልጅ የእጅ አንጓ ውስጥ ካሉት ስምንት አጥንቶች ብዙዎቹ ገና አልጠነከሩም፤ እርሳስ አስጨብጦ በጠባብ መስመር ውስጥ ማስጻፍ እጁን ያደክመዋል፣ ጽሕፈትንም ያስጠላዋል። ሊጥ ማቡካት፣ የባቄላ እሸት መፈልፈል፣ ጎመን መቀንጠስ፣ ውሃ ከጆግ ወደ ኩባያ መቅዳት፣ የሹራብን ቁልፍ መቆለፍ ጣቶችን ለእርሳስ ያዘጋጃሉ። በገጠር የሚያድግ ልጅ ይህን ሁሉ ከእናቱ ሥር ሆኖ ሲሠራው ይውላል፤ ከተማ ስንገባ ልጁን ከማድ ቤት አስወጥተን ቴሌቪዥን ፊት ማስቀመጣችን ከሥራው ጋር ትምህርቱንም ነጥቆታል ብዬ አምናለሁ። ከሦስት ዓመት በታች ላሉት ግን ጥራጥሬና ትንንሽ ጠጠር ያለ ጠባቂ መስጠት አይገባም፤ ወደ አፍንጫና ወደ ጉሮሮ ይገባልና።

የምርጫ ጉዳይ ከእጅ ሥራው ይበልጥ ያከራክራል። «ልጅ ምን ያውቃል? ምረጥ ቢሉት ጨዋታ እንጂ ትምህርት አይመርጥም» የሚለው ሐሳብ በእኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ነገር ግን ልጅ በጨዋታ ውስጥ የሚያደርገውን ቀርቦ ለተመለከተ ሰው ነገሩ እንዲህ ቀላል አይሆንም። እቃቃ የሚጫወቱ አምስት ልጆች በመጀመሪያ ማን እናት፣ ማን አባት፣ ማን እንግዳ እንደሚሆን ይደራደራሉ፤ ቆርኪው ሲኒ፣ ቅጠሉ እንጀራ፣ አፈሩ ወጥ እንዲሆን ይስማማሉ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም በስምምነቱ ይታሰራል። ሕፃን የሆነችው ልጅ መምራት ቢያምራትም ዝም ብላ መታቀፍ አለባት፤ እንግዳ የሆነው ልጅ ቢቸኩልም እስኪጋበዝ መቆየት አለበት። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ (እ.ኤ.አ. 1896–1934) ልጅ በጨዋታ ውስጥ ከዕለት ተዕለት ማንነቱ በራስ ቁመት የሚበልጥ ይመስላል ያለው ይህን አይቶ ነው። ሐሳብን በአእምሮ መያዝ፣ የመጣ ስሜትን መግታትና ሁኔታው ሲለወጥ አካሄድን መለወጥ፣ ትኩረት የምንለው ነገር የሚቆምባቸው ሦስት ችሎታዎች ናቸው። እነዚህም «አርፈህ ተቀመጥ» በሚል ትእዛዝ አይገነቡም፤ ልጁ ራሱ ሊያሳካው የፈለገው ነገር ሲኖርና ለዚያ ሲል ራሱን ሲገዛ ይገነባሉ። ኩኩሉ ሲጫወት ተደብቆ ትንፋሹን የሚውጥ ልጅ በክፍል ውስጥ ሁለት ደቂቃ ዝም ማለት ካቃተው፣ ጉድለቱ ከልጁ ይልቅ በቀረበለት ሥራ ላይ መፈለግ ይኖርበታል።

ይህን አስተሳሰብ ወደ ትምህርት ቤት ሥርዓት ከለወጡት ሰዎች መካከል በጣም የምትታወቀው ማሪያ ሞንቴሶሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ1870 ጣልያን ውስጥ ተወልዳ በ1896 ከሮም ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቃለች። በጥር ወር 1907 ሳን ሎሬንዞ በተባለው የሮም ድሆች ሰፈር፣ ወላጆቻቸው ለሥራ ሲወጡ ጠባቂ ላልነበራቸው ሕፃናት የመጀመሪያውን ቤት ከፈተች። መጀመሪያ ላይ የመማሪያ ዕቃዎቹ በቁም ሣጥን ተቆልፈው መምህርቷ ታድላቸው ነበር። አንድ ቀን ቁም ሣጥኑ ሳይቆለፍ ቀረና መምህርቷ ስትመጣ ልጆቹ እያንዳንዳቸው የፈለጉትን መርጠው ሥራ ጀምረው አገኘቻቸው። መምህርቷ ድርጊቱን እንደ ስርቆት ስትቆጥረው ሞንቴሶሪ ግን ልጆቹ ዕቃዎቹን አውቀው የሚስማማቸውን መምረጥ እንደቻሉ ተገነዘበች፤ ከዚያ በኋላ በልጅ ቁመት ልክ የተሠሩ ክፍት መደርደሪያዎች የክፍሉ መሠረት ሆኑ። የዕቃዎቹ አሠራር ራሱ ብልሃት አለው። ውፍረታቸው የተለያየ የእንጨት ድብልብሎች በየመጠናቸው በተፈለፈሉ ጉድጓዶች የሚገቡ ስለሆነ፣ አንዱ ያለቦታው ከገባ በመጨረሻ አንድ የማይገጥም ይተርፋል፤ ልጁም ማንም ሳይቆጣው ከመጀመሪያው ይጀምራል። ከእያንዳንዱ ዓይነት ዕቃ በክፍሉ አንድ ብቻ መኖሩ ደግሞ ሌላው ልጅ እስኪጨርስ መጠበቅን ያስተምራል። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች በአንድ ክፍል ስለሚውሉም ታላቁ ለታናሹ ያሳያል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለጣና ዳርቻ ሰው እንግዳ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ልጆች በዕድሜ ሳይለያዩ በአንድ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ የቀደመው የተከተለውን ያስቆጥራል፤ ፊደሉም በስንደዶ እየተነካ ይነበባል። በዚያ ትምህርት ውስጥ ምርጫ እንዳልነበረና አለንጋ እንደነበረ አይካድም። ቢሆንም ሊቃውንቱ አንድ ትልቅ ነገር ያውቁ ነበር፦ ልጅ ሀ ሁ ሂን በዜማ ስለወረደ ብቻ ፊደል አወቀ አይባልም። ስለዚህ ፊደሉን ከተለመደው ተራ አውጥተው በአቡጊዳ ያስቆጥሩታል፤ በቃሉ የያዘው ዜማ ስለማይረዳው የእያንዳንዱን ፊደል መልክ ለይቶ ማየት ግድ ይሆንበታል። ከላይ በሎሚው ያየነው የቁጥር ፈተና ከዚህ አይለይም።

ፊደላችን ራሱ ለእጅ ትምህርት የተመቸ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት መልክ ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ በቃል ማስያዝ ለአምስት ዓመት ልጅ ከባድ ሸክም ነው። ልጁ ግን በጭቃ በን ሠርቶ ከቀኝ ጎኑ መሐል ትንሽ ቁራጭ ሲለጥፍ ቡ፣ ቁራጩን ወደ እግሩ ሲያወርደው ቢ፣ በቁራጩ ፋንታ ቀለበት ሲያደርግበት ቤ ይሆንለታል። በለና በሰ ሲደግመው ሥርዓቱ እንደሚሠራ ራሱ ይደርስበታል። ሩና ፉ ከሥርዓቱ ሲወጡም «ይሄ ለምን ልዩ ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይህን የሚጠይቅ ልጅ የአጻጻፉን ሥርዓት ተረድቷል። ጭቃ ካልተገኘ፣ ፊደሉን በካርቶን ላይ በሙጫ ጽፎ አሸዋ መነስነስና ሲደርቅ ድምፁን እየጠሩ በጣት መከተል ሞንቴሶሪ በአሸዋ ወረቀት ታሠራው የነበረውን ሥራ ይተካል።

ከውጭ የሚመጡት ዕቃዎች ውድ መሆናቸው ብዙ ትምህርት ቤቶችን ያስፈራቸዋል፤ ሆኖም ባሕር ዳር ያለ መምህር በአካባቢው ያለውን ቢያይ አይቸገርም። ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል እንውሰድ። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ታንኳ ሲያልፍ አይታ «ቲቸር፣ ታንኳው ለምን አይሰምጥም?» ብላ ብትጠይቅ፣ በተለመደው ክፍል የምታገኘው መልስ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ወይም «አሁን የእሱ ሰዓት አይደለም» ትባላለች። ጥያቄዋን የምትከተል መምህርት ግን «አንቺስ ለምን ይመስልሻል? በምን እናረጋግጥ?» ብላ ትመልስላትና በማግስቱ ሳፋ ውሃ፣ የደረቀ ደንገል፣ ድንጋይ፣ ቆርኪ፣ ሳንቲምና ጭቃ ታቀርባለች። ልጆቹ ከመጣላቸው በፊት ይንሳፈፋል ወይስ ይሰምጣል ብለው ይገምታሉ፤ ከዚያ ይሞክራሉ። የጭቃው ድብልብል ይሰምጣል፤ ያው ጭቃ በስሱ እንደ ድስት ሲሠራ ግን ይንሳፈፋል፤ አንድ ነገር በመልኩ ለውጥ ብቻ ሁለት ጠባይ ማሳየቱ ልጆቹን ያስደንቃቸዋል፣ ደጋግመውም እንዲሠሩት ያደርጋቸዋል። ደንገሉ ሲቆረጥ ውስጡ አየር የያዘ፣ ስፖንጅ የሚመስል ሆኖ ይገኛል። ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ ሐይቁን ያስቸገረው የእምቦጭ ግንድም ተቆርጦ ከውሃ በታች ሲጨመቅ አረፋ ያወጣል። ጥቂት ቀን ውሃ ውስጥ ተነክሮ የቆየው ደንገል ዝቅ ማለቱን ሲያዩ ደግሞ ታንኳ ቀዛፊዎች ታንኳቸውን እያወጡ ለምን ፀሐይ ላይ እንደሚያቆሙት ይረዱታል። መጠን፣ ክብደት፣ ቁጥር፣ አዲስ ቃላት፣ መገመትና ማረጋገጥ ሁሉም በዚህ ውስጥ አሉ። ሥራው በቧንቧ ውሃ ቢሆን ይመረጣል፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ ስላለ ሕፃናትን ሐይቁ ውስጥ ማስገባት ተገቢ አይደለም።

ከዚህ ምሳሌ እንደሚታየው የልጅን ምርጫ መከተል መምህርቷን ከሥራ አያሳርፋትም፤ እንዲያውም ድካሟን ይጨምረዋል። ዕቃውን ማታ የምታዘጋጀው፣ የትኛው ልጅ ምን ላይ እንደደረሰ የምታስታውሰው፣ መቼ ጠይቃ መቼ ዝም እንደምትል የምትወስነው እርሷ ናት። ወሰንም አለ፦ ዕቃ የወሰደ ይመልሳል፣ የሌላውን ሥራ የሚያፈርስ የለም፣ መምታት ክልክል ነው። ልጅ መርጦ ይሠራል ሲባል መምህርት ካዘጋጀቻቸው መልካም ነገሮች መካከል ይመርጣል ማለት እንጂ እንደፈለገ ይሁን ማለት አይደለም። ይህን መለየት የሚያስፈልገው ጥናቶቹም የሚሉት ይኸንኑ ስለሆነ ነው። 164 ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ትንታኔ እንዳሳየው፣ ተማሪን ያለ ምንም ድጋፍ «ራስህ ድረስበት» ብሎ መተው በቀጥታ ከማስተማር ያነሰ ውጤት አለው፤ በመምህር ጥያቄ፣ ፍንጭና አስተያየት የተደገፈ ፍለጋ ግን ከሌሎቹ የማስተማር መንገዶች ይበልጣል።

በሕፃናት ላይ ከተደረጉት ጥናቶች ሁለቱን ብቻ ላንሣ። ሳይንስ በተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ጥናት የተካሄደው አሜሪካ ውስጥ በሚልዋኪ ከተማ ነው። ወላጆቻቸው ለሞንቴሶሪ ትምህርት ቤት ካመለከቱ ልጆች መካከል ዕጣ የወጣላቸውን ካልወጣላቸው ጋር ያነጻጸረ ስለሆነ፣ ልዩነቱ ከወላጅ ፍላጎት የመጣ ነው ለማለት አያስችልም። ዕጣ የወጣላቸው ልጆች በአምስት ዓመታቸው ፊደልና ቃል በመለየት፣ የሒሳብ ችግር በመፍታትና ራስን በመግዛት በልጠው ተገኝተዋል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1962 በሚቺጋን ግዛት የተጀመረው የፔሪ ጥናት ነው። 123 የድሃ ቤተሰብ ልጆች በሁለት ተከፍለው አንደኛው ቡድን ልጆች ራሳቸው አቅደው፣ ሠርተውና የሠሩትን መልሰው የሚናገሩበት ትምህርት ተሰጠው። እስከ 40 ዓመታቸው ሲከታተሏቸው የተማሩት በትምህርትና በገቢ የተሻሉ፣ በወንጀል የመያዝ ዕድላቸውም ያነሰ ሆነው ተገኙ። እዚያ ግን መምህራኑ በየሳምንቱ ወደ ልጆቹ ቤት እየሄዱ ከእናቶች ጋር ይሠሩ ነበር፤ ስለዚህ ውጤቱን ሁሉ ለክፍሉ ሥራ ብቻ መስጠት አይቻልም።

በአገራችን የወጡት ሰነዶችም ከዚህ አይርቁም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ከአፀደ ሕፃናት ጎን ለጎን የወላጆችን ትምህርትና የሕፃናትን ጤና ያካተተ ነበር፤ የ2015ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ትምህርትን በእርከኑ ውስጥ አስገብቷል። የሚከብደው ነገር ክፍል ውስጥ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት ዜሮ ክፍል ልጆች ተጨናንቀው፣ አንዲት መምህርት ብቻዋን ቆማ ስትታይ «ምርጫ» የሚለው ቃል ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ክፍሉን በቡድን ከፍሎ አንዱ ከመምህርቷ ጋር ፊደል ሲማር ሌሎቹ በጠጠር፣ በጭቃና በእቃቃ ማዕዘን እንዲሠሩ ማድረግ፣ ከዚያም ማፈራረቅ ይቻላል። ከፍ ያሉ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን እያጫወቱ የሚያስተምሩበት «ልጅ ለልጅ» የተባለው አሠራርም በአገራችን ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1972 የፔዳጎጂ አካዳሚ ተከፍቶባት ዛሬም ነዋሪዋ ግቢውን «ፔዳ» እያለ የሚጠራባት ባሕር ዳር፣ ለዚህ ዓይነቱ መምህር ሥልጠና ከማንም ያነሰ መሠረት የላትም።

ወላጆች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ፍርሃት ይቀራል፦ ልጄ አንደኛ ክፍል ሲገባ ወደ ኋላ ይቀራል ወይ? ከላይ የተጠቀሱት ውጤቶች እንደሚያሳዩት በደንብ በተመራ ክፍል ውስጥ አይቀርም። ጥሩ መምራት መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ግን መታየት ያለበት ክፍሉ ነው። ከምዝገባ በፊት ፈቃድ ጠይቆ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ያህል መቀመጥ ብዙ ይነግራል። ዕቃዎቹ ልጅ በሚደርስበት ቦታ ናቸው ወይስ ለጎብኚ ብቻ ከቁም ሣጥን ይወጣሉ? ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ሥዕሎች የልጆቹ የራሳቸው ናቸው ወይስ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው በመምህርት እጅ የተስተካከሉ? ልጆቹ በአማርኛ በነጻነት ይናገራሉ ወይስ በማያውቁት እንግሊዝኛ ይደግማሉ? ውሃ ሲደፋ ልጁ ይገረፋል ወይስ መወልወያ ተሰጥቶት ይወለውላል? መምህርቷንም «ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ያነሣው ጥያቄ ምን ነበር? ከዚያስ ምን ሠራችሁበት?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። የልጆችን ሐሳብ በሚከተል ክፍል ውስጥ የምታስተምር መምህርት የልጁን ስም ጠርታ፣ የሆነውን ሳታመነታ ትናገራለች።